መጥፎ ሆረር ፊልም ሰብሰብ ብሎ ለማየት፦ ከምርጫ እስከ መጨረሻው ደቂቃ

"ያልከውን ፊልም ከፈትነው። ደበረን፣ ግማሹ ላይ አጠፋነው።"

ይህን መልእክት በወር ሁለት ሦስቴ አገኛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። ሰው "ከመጥፎነቱ የተነሳ ያስቃል" ሲባል ይሰማና ማታ ለብቻው፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ በስልክ ይከፍተዋል። እንዲህ ከታየማ መጥፎ ፊልም ያው መጥፎ ፊልም ነው።

እኔም ተቀጥቼበታለሁ። መጀመሪያ ሰው ጠርቼ ያሳየሁት "ማኖስ፦ ዘ ሃንድስ ኦፍ ፌት" የሚባለውን ነበር። አራት የአክስቴ ልጆች መጡ። ፊልሙ ሲጀምር መኪና ይሄዳል። መኪናው ይሄዳል። አሁንም ይሄዳል። ሃያኛው ደቂቃ ላይ አንዱ አንቀላፋ፣ አንዷ የዋይፋይ ፓስወርድ ጠየቀች፣ ታላቃቸው ደግሞ ዞር ብሎ "ደህና ነህ ግን?" አለኝ። ፊልሙ ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልነበረም።

ይህ መመሪያ ለአንድ ምሽት፣ ከ4 እስከ 7 ለሚሆን ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የኛው ነው።

1. ፊልሙን ምረጡ

ከሥራው ግማሹ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ።

*መጥፎውን ከደባሪው ለዩ*

ደባሪ ፊልም ውስጥ ምንም አይፈጠርም። እኛ የምንፈልገው መጥፎ ፊልም ግን በየአምስት ደቂቃው "ቆይ፣ ምንድነው ያየሁት?" የሚያሰኝ ነው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ፊልሙን ክፈቱና 10ኛው፣ 30ኛው እና 60ኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ እዩ። ከሦስቱ በሁለቱ ፈገግ ካላችሁ ያዙት። በሦስቱም ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ከሆነ ተዉት።

*ከልብ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ*

ሠሪው አስፈሪ ፊልም እየሠራሁ ነው ብሎ አምኖ መሆን አለበት። ላቡን ጠብ አድርጎ፣ ያለውን ገንዘብ ጨርሶ፣ ሳይሳካለት ሲቀር ነው የሚያስቀው። በ2013 የወጣውን "ሻርክኔዶ" ውሰዱ። አውሎ ነፋስ ሻርኮችን ጠራርጎ ሎስ አንጀለስ ላይ ያዘንባል። ሠሪዎቹ ቀልድ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ እናንተ የምትስቁበት ቦታ ላይ ቀድመው እየሳቁ ይጠብቋችኋል። ሃያ ደቂቃ ያዝናናል፣ ከዚያ ይሰለቻል። ቀልድ ነጋሪ ራሱ ቀድሞ ሲስቅ እንደሚሆነው ነው።

*ርካሽ ሁሉ መጥፎ እንዳይመስላችሁ*

"ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ" (1968) 114 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ተዋንያኑም ያን ያህል አይታወቁም ነበር። ግን በጣም ጥሩ ፊልም ነው፤ ያስፈራል። ሙድ ልንይዝበት ብላችሁ ከከፈታችሁት ሙዱን የሚይዘው እሱ ነው። ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

*በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ*

መጀመሪያ "ትሮል 2" (1990)። ትሮል የሚባል ፍጡር ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ያሉት ጎብሊን የሚባሉ አጫጭር ጭራቆች ናቸው። የተቀረጸው አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ክላውዲዮ ፍራጋሶና ባልደረቦቹ ጣልያኖች፣ ተዋንያኑ ደግሞ አብዛኞቹ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ንግግሩን በእንግሊዝኛ የጻፉት ጣልያኖቹ ናቸው። ተዋንያኑ "እኛ እንዲህ አንናገርም" ቢሉም እንደተጻፈው እንዲሉት ተደረገ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ጆርጅ ሃርዲ በሙያው የጥርስ ሐኪም ነው።

ለኛ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ጭራቆቹ ሥጋ አይበሉም! ስለዚህ ሰውን መጀመሪያ ወደ አትክልት ይቀይሩና ከዚያ ይበሉታል። ዐርብ ማታ ሽሮ በልቶ ለመጣ ሰው፣ ክፉዎቹ ጿሚዎች የሆኑበት ፊልም ማየት ምን ስሜት እንደሚሰጥ ልነግራችሁ አልችልም።

ሁለተኛ "ዘ ኪለር ሽሩስ" (1959)። ሽሩ አይጥ የሚመስል ትንሽ እንስሳ ነው፤ ሽሮ አላልኩም። ፊልሙ ላይ ግዙፍ ሆኖ ሰው ያሳድዳል። ቴክሳስ ውስጥ ሲቀርጹት ፀጉራም ልብስ ያለበሷቸውን ውሾች ነው ያስሮጧቸው። ውሾቹ ደግሞ ደስ ብሏቸው ነው የሚሮጡት። ርዝመቱ 69 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ትዕግሥት ለሌለው ጀማ ይሆናል።

ሦስተኛ "ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ"፣ ዳይሬክተሩ ኤድ ዉድ የሠራው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሙታንን ከመቃብር ያስነሳሉ። በ1959 ነው ለሕዝብ የወጣው።

"በርዴሚክ" (2010) እና "ማኖስ" (1966) ከሁለት ሦስት ምሽት በኋላ ይምጡ። "በርዴሚክ" አሞሮች ሰውን ስለሚያጠቁበት ቀን ነው፤ ግን የመጀመሪያው ጥቃት እስኪመጣ ፊልሙ ሊጋመስ ይቃረባል። ከዚያ በፊት መኪና መንዳት፣ ቢሮ፣ ስብሰባ፣ ጭብጨባ ነው። ልምድ ለሌለው ሰው ቅጣት ነው።

2. ቀድማችሁ ለብቻችሁ እዩት

ሳያዩ ሰው መጥራት ሳይቀምሱ ወጥ ማቅረብ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ።

ሀ) ምርጥ ትዕይንቶቹ የሚጀምሩበት ደቂቃ። አራት አምስት ይበቃል።

ለ) የሞተው ክፍል፣ ከዚህ ደቂቃ እስከዚህ ደቂቃ ብላችሁ። በኋላ የምትዘሉት ወይም ሻይ የምታቀርቡበት እሱ ነው።

ሐ) ሰው ፊት የማይታይ ነገር። ይሄኛውን በቀልድ አትለፉት። የዚህ ዓይነት ፊልም አዘጋጅ ገንዘብ ሲያጥረው ድንገት ራቁት ሰው ማስገባት ይወዳል። አጎታችሁ ከጎናችሁ ተቀምጠው ሪሞት ፍለጋ መራወጥ አይጠቅምም። "ፕላን 9" እና "ኪለር ሽሩስ" ከዚህ አንፃር ችግር የለባቸውም። "ትሮል 2" ላይ ከበቆሎ ጋር የተያያዘ አንድ የሚያሳፍር ትዕይንት አለ፤ ደቂቃውን ጻፉ። "ማኖስ" መጨረሻው ላይ ትንሿን ልጅ የሚያሳይበት መንገድ ደስ አይልም፤ ልጆች ያሉበት ቤት አትክፈቱት።

*ከተበላሸ፦* ለብቻችሁ ስታዩት አንዴም ካልሳቃችሁ ፊልሙን ቀይሩ። "ከሰው ጋር ይሻላል" ብላችሁ ራሳችሁን አታታሉ። ከሰው ጋር የሚሻለው ትንሽም ቢሆን ያሳቃችሁ ነው።

3. ፋይሉንና ዕቃውን አዘጋጁ

ከአንድ ቀን በፊት ጨርሱት፤ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ገመድ አይፈለግም።

ፊልሙን በቀጥታ ከኢንተርኔት አታሳዩ። ሳቁ በደመቀበት ሰዓት ክቡ መሽከርከር ከጀመረ ጨዋታው አበቃ። ቀድማችሁ አውርዱ። "ኪለር ሽሩስ" አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ስለሌለበት ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ሌሎቹን ተከራዩ ወይም ግዙ።

ፋይሉን በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሞክሩት። አንዳንድ ቴሌቪዥን ምስሉን ያሳይና ድምፁን እምቢ ይላል። ያኔ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙ።

ከምስል ይልቅ ለድምፅ ተጨነቁ። ምስሉ ድሮም መጥፎ ነው። ንግግሩ ካልተሰማ ግን ቀልዱ የለም። በእነዚህ ፊልሞች ላይ ድምፁ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። "በርዴሚክ" ላይ ካሜራው አንግል በቀየረ ቁጥር የጀርባው ድምፅ ይቆረጥና እንደገና ይመጣል። ያ የስፒከራችሁ ችግር አይደለም፤ ገመዱን አትነካኩ።

ሰብታይትል አብሩ። ሰው ሲስቅ ንግግሩ ይዋጣልና። ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ጂ እና ኤች የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቁልፎች ተጫኑ። አንዱ ወደኋላ፣ ሌላው ወደፊት፣ በየጫናው 50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሰዋል። አንድ ሰከንድ ለማስተካከል ሃያ ጊዜ መጫን ነው፤ አትሰልቹ።

ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ ብቻውን ያስጨርሳችኋል። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይጠጋጋል። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ምርጥ የፊልም ምሽቶች አንዱ እንዲህ መብራት ጠፍቶ፣ ሰባት ሰው አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን ያየነው ነው።

4. ሰው ጥሩ

ከ4 ሲያንስ ሳቁ አይጋባም፤ ከ7 ሲበልጥ ሁለት ቡድን ይሆንና አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ይጀምራል።

መጀመሪያ የምትጠሩት ሳቁ የሚጋባ ሰው ይሁን። እያንዳንዳችን አንድ እንዲህ ያለ ጓደኛ አለን። የሚያስቅ ሳይሆን የሚስቅ። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ አይቅር።

ለመጀመሪያ ቀን የማትጠሩት ደግሞ በየደቂቃው "ግን ለምን ፖሊስ አይጠሩም?" የሚለውን ነው። መልስ የለውም። ስክሪፕቱን የጻፈውም አያውቅም።

ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ቤት ሰይጣንና መንፈስ ጠሪ ያለበትን ፊልም አትክፈቱ። "ከቤቴ አውጡልኝ" ቢሉ ልክ ናቸው፤ ቤታቸው ነው። እንስሳና ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ያለበትን ምረጡ። ፀጉራም ልብስ የለበሰ ውሻ ማንንም አያስቀይምም። እንዲያውም እናቴ "ምስኪን፣ ሞቆት ይሆናል" ብላ እስከ መጨረሻው አብራን አይታለች።

የጥሪው መልእክት ግልጽ ይሁን። እኔ የምልከው ይሄ ነው፦

"ቅዳሜ 12 ሰዓት ከምሽቱ እኛ ቤት። ፊልም እናያለን። ፊልሙ በጣም መጥፎ ነው፤ እየቀለድኩ አይደለም። ለዚህ ነው የምናየው። ራት አለ።"

ፊልሙን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ትጀምራላችሁ። ለምን እንደሆነ ለአበሻ አላስረዳም።

5. ምግቡን ከፊልሙ በፊት ጨርሱ

እንጀራ እየበሉ ስክሪን ማየት አይቻልም። አንገት ወደ ትሪው ይደፋል፣ ምርጡ ትዕይንት ያልፋል፣ ከዚያ "ምን ሆነ? መልሱት" ይመጣል። ራት ይበላ፣ እጅ ይታጠብ፣ ከዚያ መብራት ይጥፋ።

በፊልሙ ሰዓት በአንድ እጅ በጨለማ የሚበላ ብቻ አቅርቡ፦ ፋንዲሻ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ለውዝ ከነልጣጩ አይሁን፤ ጠዋት ምንጣፉን የምትጠርጉት እናንተ ናችሁ።

ቡና ካለ አቦሉን ከፊልሙ በፊት፣ ቶናውን ሁለተኛው ደረጃ ላይ በጻፋችሁት የሞተ ክፍል ላይ አድርጉት። በፕሮጀክተር የምታዩ ከሆነ ዕጣኑን ራቅ አድርጉ፤ ጭሱ ብርሃኑ ውስጥ ይገባል። ለመቃብር ትዕይንት ግን አልከለክልም።

6. የሁለት ደቂቃ መግቢያ ስጡ

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ምንም አለመናገር፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት መተንተን። ሁለት ወይም ሦስት እውነታ ብቻ ተናገሩ፤ ሰው ምን መፈለግ እንዳለበት የሚያሳዩ ይሁኑ።

ለ"ፕላን 9" እኔ የምለው ይህን ነው። "ቤላ ሉጎሲ የሚባለው ታዋቂ ተዋናይ በ1956 ሞተ። ዳይሬክተሩ እጁ ላይ የቀረችው የሉጎሲ ቀረጻ ጥቂት ደቂቃ ናት። ስለዚህ የሚስቱን ወጌሻ ጠራ። ሰውየው በቁመትም በመልክም ሉጎሲን አይመስልም፤ ፊቱን በካባው ሸፍኖ ተጫወተ። ካባ ፊቱ ላይ ባያችሁ ቁጥር ያ ወጌሻው ነው።" በቃ። ከዚያ ካባው ብቅ ባለ ቁጥር ሳሎኑ በሙሉ "ወጌሻው!" ይላል። የመቃብሩን ድንጋይ ሲወዛወዝ ግን ራሳቸው ያግኙት፤ አትንገሯቸው።

ለ"ማኖስ"፦ የሠራው ሃሮልድ ዋረን ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ ውስጥ ማዳበሪያ ሻጭ ነበር። ፊልም መሥራት እችላለሁ ብሎ ተወራረደ። ካሜራው እንደ ድሮ ሰዓት የሚጠመዘዝ ስለነበር በአንድ ጊዜ ከ32 ሰከንድ በላይ አይቀርጽም። ድምፅም አይቀዳም፤ በኋላ ጥቂት ሰዎች ሆነው የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ድምፅ ሞሉት። ትንሿ ልጅ ስትናገር ይህን አስታውሱ።

ለ"ትሮል 2" ደግሞ አንድ ነገር ካላዘጋጃችሁ ቀልዱ ያመልጣል። የከተማዋ ስም ኒልቦግ ነው። ልጁ ከኋላ ሲያነበው ጎብሊን ይሆናል፤ ፊልሙም ይህን እንደ ታላቅ ምስጢር ይገልጠዋል። በኛ ፊደል ከኋላ ብታነቡት አይሠራም። በእንግሊዝኛ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቴሌቪዥኑ ሥር ለጥፉት፣ ምንም አትበሉ። ከልጁ ቀድሞ ያነበበ ሰው ይኮራል።

*ማስጠንቀቂያ፦* "በጣም ያስቃል፣ ታያላችሁ" አትበሉ። የተነገረለት ሳቅ አይመጣም።

ሁለት ሕግ አስቀምጡ። ስልክ ሳህን ውስጥ ይሁን። ቀልድ የሚወረወረው ፊልሙ ላይ እንጂ የተዋናይ መልክ ወይም ውፍረት ላይ አይሁን። ሁለተኛው ሕግ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው መሳደብ ከጀመረ ምሽቱ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ሃርዲ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰጥቶ ነው የተወነው። የምንስቀው በዚያ ሁሉ ኃይል ነው።

7. አጫውቱ

1) የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። አዘጋጁ መጀመሪያ ከቀለደ ሌላው ታዛቢ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀልድ ከእንግዳ ይምጣ።

2) ቀልድ በንግግር ላይ አትደርቡ። ተዋናዩ ይጨርስ፣ ከዚያ ወርውሩ። የሚያስቀው እሱ ያለው ነው፤ እናንተ አጨብጫቢ ናችሁ። ሕፃናት ሆነን ቪዲዮ ቤት በሳንቲም ገብተን ስናይ አንድ ልጅ ቀድሞ "አሁን ይመታዋል!" ይል ነበር። ያንን ልጅ አትሁኑ።

3) ለእያንዳንዱ ሰው የሚቆጥረው ነገር ስጡ። አንዱ ካባ፣ አንዱ ሲጋራ፣ አንዱ መኪና ውስጥ የገቡበትን ጊዜ። "ትሮል 2" ላይ ዝንብ ፈልጉ በሉ። መነጽር ያደረገው ወጣት ፈርቶ በሚጮህበት ትልቁ ትዕይንት ግንባሩ ላይ ዝንብ ትሄዳለች። እሱ ይጮኻል፣ እሷ ትሄዳለች፣ ማንም "ቁረጥ" አላለም።

4) ለማስረዳት ፊልሙን አታቁሙ። ማቆም የሚፈቀደው ለቶናና ለሽንት ቤት ብቻ ነው።

5) የሞተውን ክፍል ዝለሉ፤ ግን እንግዳው አንድ ደቂቃ ያህል ከተሠቃየ በኋላ። ትንሽ መሠቃየት የሚቀጥለውን ትዕይንት ያጣፍጣል። "በርዴሚክ"ን ያየ ሰው፣ ጀግኖቹ አሞሮቹን በልብስ ማንጠልጠያ ሲመክቱ ያን ያህል የሚስቀው ግማሽ ፊልም ስለጠበቀ ነው።

8. ነገሩ ሲበላሽ

*ሃያ ደቂቃ አልፎ ማንም ካልሳቀ፦* ይቅርታ አትጠይቁ። ቀጥታ በወረቀታችሁ ላይ ወዳለው የመጀመሪያ ምርጥ ትዕይንት ዝለሉ። ታሪኩ ይጠፋቸዋል ብላችሁ አትስጉ፤ ታሪክ ድሮም የለም። አሁንም ዝም ካሉ ወደ "ኪለር ሽሩስ" ቀይሩ። ለዚህ ነው ሁለተኛ ፊልም ሁልጊዜ ፍላሹ ላይ የሚኖረው።

*አንድ ሰው ብቻውን ከቀለደ፦* በየዐረፍተ ነገሩ የሚፎግር አለ። በቶና ሰዓት ሲኒ ማደል ስጡት። ሲመለስ ከስክሪኑ ፊት ሳይሆን ከኋላ ይቀመጥ።

*የምር የፈራ ካለ፦* አትሳቁበት። መብራት አብሩና "ውሻው ልብሱን ሲያወልቅ" ብላችሁ አስቡት በሉት። ልጅ ከሆነ አጥፉ፣ ሌላ ነገር ክፈቱ።

*የምር የወደደ ካለ፦* ይከሰታል። "እኔ ግን ታሪኩን ወድጄዋለሁ" ይላል አንዱ፣ ትንሽ ሼም ይዞት። ተዉት፣ አትከራከሩ። "ትሮል 2" ላይ ልጅ ሆኖ የተወነው ማይክል ስቲቨንሰን አድጎ በ2009 ስለዚያው ፊልም ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ እዚያ ላይ ዳይሬክተሩ ሰው በማያስቅ ቦታ ለምን ይስቃል ብሎ ሲበሳጭ ይታያል። ሳሎናችሁ ውስጥ የእሱ ወገን የሆነ አንድ ሰው መኖሩ አይከፋም።

*ሰው መሄድ ከጀመረ፦* ያስቀራችሁትን መጨረሻ አሁን አሳዩ። "ቆይ፣ ሁለት ደቂቃ" በሉና "ኪለር ሽሩስ" ላይ ሰዎቹ የብረት በርሜል ደፍተው፣ በውስጡ እየተራመዱ ወደ ባሕር የሚያመልጡበትን ክፈቱ። ጫማውን ያደረገ ሰው ቆሞ ያየዋል።

9. ሲያልቅ

መብራቱን ወዲያው አታብሩ። ስሞቹ ሲያልፉ እንግዳው የሚሳለቅበት ሌላ ነገር ያገኛል፤ ቆጣሪዎቹም ውጤታቸውን ይናገሩ። ብዙ የቆጠረው ቀጣዩን ፊልም ከሁለት አማራጭ ይመርጣል። አማራጮቹን ግን ያያችኋቸው እናንተ ሁኑ። አንድ ጊዜ ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ለእንግዳ ሰጥቼ የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ይዞ መጣ።

የሚቀጥለውን ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅጠሩ። ከ4 ፊልም በኋላ የምትጠሩት ሰው በርትቶ ከሆነ፣ ያኔ "ማኖስ"ን አውጡ። መኪናው ይሄዳል። ማንም አይተኛም።